ጠርሙሱ የጠጣውን ማን ይመርምረው?

ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ አዋሽ መልካሳን አልፎ ደራ የሚወርድ መንገደኛ ሁለት ነገር ቢይዝ ይመከራል፤ የሚጠጣው ውሃና የሚመልሰው ቃል። ውሃው ለፀሐዩ፣ ቃሉ ለመናኸሪያው። የበረዶ ሳጥን ተሸክሞ ናሙና ሊቀዳ የመጣ ከሆነ ግን ውሃውን ቀንሶ ቃሉን ያብዛ። መቼም እንደ ውሃ ናሙና ያለ፣ አንድ ሰው ተምሮት መቶ ሰው የሚያርመው ሥራ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ይህ ዓምድ ምላስ ያከራያል። ተከራይዋ አንዲት ናሙና ቀጂ ናት። ስም አናወጣላትም፤ መንገዷን ብቻ እንወቅላት። ከሞጆ ወንዝ ትነሳለች፣ ቆቃን ታክካ አዳማ ትገባለች፣ ደራ ደርሳ ወደ አዲስ አበባው ላቦራቶሪ ትመለሳለች። የምታድነው ኦርጋኒክ ብክለት የሚባለውን ወገን ነው፦ ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም፣ የነዳጅ ትራፊ፣ ዘይትና ቅባት፣ የፋብሪካ ማሟሚያ፣ የአልጌ መርዝ።

አደኑን እዚህ ማድረጓ አለምክንያት አይደለም። አቃቂ የአዲስ አበባን እጣቢ ለአዋሽ ያስረክባል። ሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። የሁለቱም መድረሻ ቆቃ ነው፤ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው ግድብ። ጣሊያን ካሳ ከፍላ የሄደችበትን ሐይቅ እኛ ካሳ ሳንከፍል አረንጓዴ አልጌ አለበስነው። አዳማ ደግሞ የምትጠጣው ከዚያው ግድብ በታች ከሚወርደው አዋሽ ነው። ወደ ደቡብ ቢዘለቅ መቂና ዝዋይ አሉ፤ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ አበባው፣ ከነመርጫቸው። አዳሚ ቱሉ ላይ ለወባ መከላከያ ዲዲቲ ሲያዘጋጅ የኖረ ፋብሪካ አለ። የዝዋይ ዓሣ በገላው ዲዲቲ ይዞ መገኘቱም በሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

በተጠርጣሪ አንታማም። የምንታማው በማስረጃ አያያዝ ነው። እንግዲህ ተረቡ ይጀመር።

የመጀመሪያው ለካፊ ባጃጅ ነጂው ነው።

— እህቴ፣ ሃይላንድ በየሱቁ ሞልቶ አንቺ ቡናማ ጠርሙስ ታቅፈሽ ትዞሪያለሽ? ቢራ ፋብሪካ ነው እንዴ የምትሠሪው?

— ወንድሜ፣ ቢራ ጠማቂውም ጠርሙሱን ቡናማ ያደረገው ፀሐይ ፈርቶ ነው። እሱ ለጣዕሙ የተጨነቀውን ያህል እኔ ለማስረጃዬ ብጨነቅ ምን ይገርምሃል?

— እሺ፣ ቀለሙስ ይሁን። ፕላስቲክ ምን በደለሽ?

— እኔን ምንም። መርዙን ግን ይወስድብኛል። ዲዲቲ ውሃ አይወድም፤ የሚወደው ቅባትና ፕላስቲክ ነው። በሃይላንድ ብቀዳው ውሃው ላቦራቶሪ ይገባል፣ መርዙ ከሃይላንዱ ጋር ቆሻሻ ገንዳ ይገባል። ከዚያ «ውሃው ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ይመጣልሃል። እውነትም ነጻ ነው፤ ጠርሙሱ ጠጥቶለታል።

ባጃጅ ነጂ በአንድ ዙር አይረታም።

— እኔ ያደግሁት ወንጂ ነው። ፍሎራይድ ሊለኩ ሲመጡ በፕላስቲክ ሲቀዱ በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱ ተሳስተው ነው?

— አልተሳሳቱም። የፍሎራይድ ጠበኛ ብርጭቆ ነው፤ ከፕላስቲክ ጋር ሰላም ነው። ሳይቀዘቅዝም፣ ምንም ሳይጨመርበትም 28 ቀን ይጠብቅሃል። የእኔው እንግዳ ግን እንደሱ ታጋሽ አይደለም።

ስምጥ ሸለቆ በፍሎራይድ ጥርሱ የወየበ አገር ስለሆነ የውሃ ምርመራ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እሱ ነው። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይበጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለዲዲቲ ያስቀመጠው 1 ማይክሮ ግራም ነው፤ ማለትም በ1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም። ማይክሮሲስቲን የሚባለው የአልጌ መርዝም ጣሪያው ያው 1 ማይክሮ ግራም ነው። የሚታደነው ነገር ይህን ያህል ሲያንስ፣ የጠርሙሱ ግድግዳ የሚሰርቃት ቅንጣት ቀላል ስርቆት አይደለችም። ለዚህ ነው ጠርሙሱ አንድ ሊትር የሚይዝ ቡናማ ብርጭቆ፣ የክዳኑም ውስጠኛ ገጽ ቴፍሎን የሚሆነው። አንዳንዱ ፕላስቲክና ጎማ ደግሞ ከመስረቅ አልፎ ይሰጣል፤ ማለስለሻ ኬሚካሉን ለናሙናው ያበረክታል። ያን ጊዜ ወንዙ ያልሠራው ኃጢአት ይለጠፍበታል።

ሁለተኛው ለካፊ በአዋሽ ዳር በፓምፕ ሽንኩርት የሚያለሙ አባት ናቸው። ለእሳቸው አፍ አይከፈትባቸውም፤ መልስ ግን አይቀርም።

— ልጄ፣ ጠርሙስ ሳያለቀልቁ ውሃ ይቀዳል? እናትሽ ይህን አላሳየችሽም?

— አባባ፣ እናቴ ያሳየችኝ ለሚጠጣ ውሃ ነው። ይሄ የሚከሰስ ውሃ ነው፤ ለተከሳሽ አይለቀለቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ከላቦራቶሪ ሲወጣ ታጥቦ፣ በማሟሚያ ተለቅልቆ፣ ደርቆ ነው። በወንዙ ውሃ ቢለቀለቅ ዘይቱና ፀረ ተባዩ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ከዚያ የሚቀዳው ናሙና ሲጨመርበት ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ቅባት የበዛበት ወጥ የቀረበበትን ሳህን ያየ ይገባዋል፤ ወጡ ቢገለበጥ ቅባቱ ከሳህኑ ጋር ይቀራል። ለዚህ ነው ላቦራቶሪውም ቀንሶ የማይመረምረው፤ ዘይትና ቅባት ሲለካ የጠርሙሱን ውሃ ሙሉውን ይወስድና ባዶውን ጠርሙስ ራሱን በማሟሚያ አጥቦ ይጨምርበታል። አስቀድሞ ማቆያ ኬሚካል የተደረገበት ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ማለቅለቅ ማለት ማቆያውን ለአዋሽ መመጽወት ነው።

አባባ ግን የዋዛ አይደሉም።

— እኔ መድኃኒቱን የረጨሁት ለሽንኩርቴ ነው እንጂ ለወንዙ አይደለም።

— አውቃለሁ አባባ። ዝናቡ ግን ለማን እንደረጩት አልጠየቀዎትም።

— እንግዲያው ዝናቡን ክሰሺው።

— እሱማ ምስክሬ ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ብመጣ ብዙ ይነግረኛል። በደረቁ ወር አንዴ ብቻ መጥቼ ወንዙ ደህና ነው ብል የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አዳማ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቧንቧቸው የሚቀዳባቸው እናት ከበር ላይ ይቆጣሉ።

— አንቺ ልጅ! ቧንቧዬ ውስጥ ምን ዱቄት ነው የምትጨምሪው?

— እትዬ፣ ወደ ቧንቧዎ አይደለም፣ ወደ ጠርሙሴ ነው። ክሎሪኑን እያሰናበትኩት ነው። ጀርሙን ገድሎ ሥራውን ጨርሷል፤ ካላሰናበትኩት መንገድ ላይ ትርፍ ሰዓት ይሠራል።

ዱቄቱ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይባላል። ክሎሪን በውሃው ውስጥ ከቅጠልና ከአልጌ ብስባሽ የመጣ ነገር ካገኘ ክሎሮፎርምንና ወንድሞቹን ይወልዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ከተተወ መውለዱን አያቆምም። አዳማ ላይ ጠዋት የተቀዳው ውሃ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚናገረው ስለ አዳማ ጠዋት ሳይሆን ስለ መንገዱ ይሆናል።

— ታዲያ ይሄን ያህል ተንኮለኛ ከሆነ ክሎሪኑን ለምን ይጨምሩብናል?

— ኧረ እትዬ፣ እሱንስ አይንኩት! ክሎሪን የሚወልደው ጣጣ በዓመታት የሚቆጠር ነው። ክሎሪን ያልነካው ወንዝ ግን ዓመት አያስጠብቅም፤ በሳምንቱ ሆስፒታል ያስተኛል።

ወደ ማደያ እንሻገር። የከርሰ ምድር ታንከር ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ በአቅራቢያው ያለ ጉድጓድ ይቀዳል። እዚህ ትልቁ ጠርሙስ ቦታውን ለ40 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይለቃል። ቀጂዋ ውሃው ከአፉ በላይ ጉብ እስኪል ትሞላዋለች፣ ትከድነዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ መታ መታ አድርጋ አረፋ ትፈልጋለች። የማደያው ልጅ ይስቃል።

— እህት፣ ትንሽ አየር ብትቀር ምን ይሆናል? ውሃው ይታፈን ብለሽ ነው?

— አንተ ራስህ ጠዋት «ቤንዚን አለ» ብለህ ከሰዓት «አልቋል» ትላለህ። በወፍራም ብረት ታንከር ውስጥ ያላቆየኸውን ቤንዚን፣ እኔ በብልቃጥ አየር ከፍቼለት ይቆየኛል?

እውነቷን ነው። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን የሚሉት ንጥረ ቅመም ራሱ፣ ከነቶሉዊን ዘመዱ፣ አየር ካገኘ ከውሃው ወጥቶ አየሩ ውስጥ ይሰፍራል፤ ክዳኑ ሲከፈትም ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ብልቃጡ ያለ አየር ኪስ ይታሸጋል። ባክቴሪያ እንዳይበላው ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪወርድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይንጠባጠብበታል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት እንኳ የሚሰጠው ቀጠሮ 14 ቀን ነው።

— ይሄኛው ብልቃጥስ? ሞልቶ መጣ፣ ሳይከፈት ሊመለስ ነው። ለምን ትሸከሚዋለሽ?

— እሱ ሰላይ ነው።

— ማንን ነው የሚሰልለው?

— አንተን፣ ባጃጁን፣ እኔንም ጭምር። ከላቦራቶሪ ንጹህ ውሃ ሞልተውት ነው የላኩት። ሳይከፈት ተመልሶ ቤንዚን ከተገኘበት ጥፋቱ የጉድጓዱ አይደለም፤ በመንገዳችን ያሸተትነው ነው።

ይህን የመንገድ ባዶ ናሙና ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ሸክም ያየዋል። ከነዳጅ ጀሪካን አጠገብ የተጓዘ ናሙና ግን ያለሱ ምስክርነቱን ማን ያምንለታል? የፋብሪካ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከማን ጋር ተሳፍሮ መጣ?» ነው የሚሆነው።

ፋብሪካ ካልን ዘንድ ወደ አጥሩ እንጠጋ። የቱ ፋብሪካ እንደሆነ አንጠቁምም፤ የበራፉ ንግግር ግን ይታወቃል።

— እህቴ፣ ፀሐይ ላይ ለምን ትቆሚያለሽ? እኛው ቀድተን እንልክላችኋለን።

— ኢንጂነር፣ ተከሳሽ ምስክር ቢያቀርብ ደንብ ነው። ምስክሩን አስጠንቶ ሲያቀርብ ነው የሚያስተዛዝበው።

— አናምናችሁም ነው የምትዪኝ?

— አምናችኋለሁ። ላቦራቶሪው ግን እኔንም አያምነኝም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቀጂው ስም፣ የተጨመረው ማቆያ ይጻፋል፤ ይታሸጋል፤ ከእጅ ወደ እጅ በተሸጋገረ ቁጥር የርክክብ ቅጹ ላይ ይፈረማል። እርስዎም ይፈርሙ፤ ሲፈርሙ ያምርብዎታል።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የናሙና ነገር ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው፤ ከአያያዝ የተቀደደ ናሙና ፍርድ ቤት ሲደርስ አይናገርም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ናሙና በነጻ እንዲወስድ ፈቅዶለታል። እሰየው ነው። ስለ በረዶው ዋጋ ግን አዋጁ ዝም ብሏል።

ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። አለቃ ናቸው።

— ስሚ፣ በጀት የለም። ለምን ያን ሁሉ ጠርሙስ? ሁሉንም በአንዱ ቅጂው።

— ጌታዬ፣ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አብረው የሚያድሩ አይደሉም። የሞጆን ክሮም ብፈልግ ፕላስቲክና ናይትሪክ አሲድ ይፈልጋል። ያው አሲድ ፀረ ተባዩ ላይ ቢያርፍ ይፈጀዋል። ዘይትና ቅባት ብርጭቆም አሲድም ይላል፤ ብዙው ፀረ ተባይ ብርጭቆውን ተቀብሎ አሲዱን ይጠላል። ፒፋስ የሚባሉት አዲስ መጦች ደግሞ ጭራሽ ተገልብጠው ፕላስቲክ ይወዳሉ፤ ቴፍሎን ክዳን አይቅረብብን ይላሉ፣ የራሳቸው ዘር ነውና።

— እሺ፣ ይሁን። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ቢሮ አስቀምጪውና ሰኞ ይገባል።

— ጌታዬ፣ ባክቴሪያ ቅዳሜና እሁድ አያርፍም።

ይህችን መልስ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ መለጠፍ ነው። ፀረ ተባይ የሚፈለግበት ናሙና ከተቀዳ በኋላ መርዙ ከውሃው ወደ ማሟሚያ እስኪወጣ የሚሰጠው 7 ቀን ነው። ከወጣ በኋላ በማሽን እስኪለካ 40 ቀን ይታገሳል። 7 ቀን ሲባል 7 የሥራ ቀን አይደለም፤ ሥልጠናም ስብሰባም በዓልም አይቀነስለትም። ከወንዙ ዳር እስከ ላቦራቶሪው በር በረዶ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት።

— እንግዲያው ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፤ ከ4 በታች ቢሆን የበለጠ ነው።

— ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ያኔ በርዶ የቀረ ስብርባሪ ነው ሰኞ የማስረክብዎ።

— መኪናም እኮ የለም።

— ከአዳማ አዲስ አበባ የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የሚያዘገየን መንገዱ ሳይሆን ደብዳቤው ነው።

አሁን ምላሱን እንመልሰውና በራሳችን አንደበት እንናገር። ናሙና የሚሰረቅባቸው መንገዶች አራት ናቸው። አየር ተኖ የሚሄደውን ይወስዳል፣ ብርሃን የሚሰባበረውን ይሰባብራል፣ ፕላስቲክ የሚጣበቀውን ይውጣል፣ ባክቴሪያ የሚበላውን ይበላል። ልብ በሉ፤ አራቱም የሚሰርቁት ከአንድ ወገን ነው። ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። የናሙና ቀጂ ስንፍና አብዛኛውን ጊዜ የሚያደላው ለበካዩ ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ የሚስትባቸውም አሉ፦ የተለቀለቀው ጠርሙስ፣ ያልተሰናበተው ክሎሪን፣ ቤንዚን የሸተተው ባጃጅ። በእነዚህ ጊዜ ደግሞ ተከሳሹ «ናሙናው የተበላሸ ነው» ብሎ ይነሳል፤ እውነቱን ነው፣ ይረታል። ዝቅ ቢል ነጻ ይወጣል፣ ከፍ ቢል ነጻ ይወጣል። እንዲህ ያለ ችሎት ያገኘ በካይ ጠበቃ ለምን ይቀጥራል?

ሕግ አልጎደለንም። ዲዲቲን የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ፀረ ተባይን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። የጎደለው የቡናማ ጠርሙሱ፣ የበረዶውና የሰባት ቀኑ ነገር ነው፤ ከሁሉም የረከሰው ዕቃ ከሁሉም የከበረውን አዋጅ ይዞት ይወድቃል።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ አንድ ኃላፊ ወረቀት ከፍ አድርገው ያውለበልባሉ። ወረቀቱ ላይ «አልተገኘም» የሚል ተጽፏል። ቀጂዋ ከኋላ ወንበር እጇን ታወጣለች።

— ጌታዬ፣ በምን ጠርሙስ ተቀዳ?

— በሃይላንድ መሰለኝ።

— በረዶ ነበረው?

— ወቅቱ ቀዝቃዛ ነበር።

— በስንተኛው ቀን ተመረመረ?

— ወሩ አልሞላውም።

— ማሽኑ እስከ ስንት ድረስ ማየት ይችላል?

— ልጄ፣ ነገር አታብዢ። በሳይንስ ተመርምሮ አልተገኘም፤ ውሃው ንጹህ ነው።

— እሺ ጌታዬ። እንደገና በደንቡ ልቅዳው፤ እርስዎም የርክክቡን ቅጽ ይፈርሙልኝ። ያኔም «አልተገኘም» ካለ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የምጠጣው እኔ ነኝ። እስከዚያው ግን ታላቅ ነዎትና፣ እርስዎ ይቅደሙ።